ራሱን በራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው የዓሣ ኩሬያችን

ለክቡር አቶ ጌርሆልት ብሩንስ
በጀርመን፣ በኪል ከተማ የወደብ ማዶ አትክልተኞች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የቀትር እንቅልፍዎስ? ለሁለቱም የማይቋረጥ ደህንነት እየተመኘሁ፣ እኛ የማኅበርዎ አባላት ከወገባችንና ከክንዳችን በስተቀር ደህና መሆናችንን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ በጉባኤው ላይ ለገለጡልን ጥበብ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ዳር ወዳለው ድንጋይ አናት ይገፋል፤ ውሃው ሲወርድ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ያንኑ ፓምፕ ያሠራል፤ ይህም ዓለም እስኪያልፍ ይቀጥላል ብለው አስረዱን። ዓሦቹን ከሟች ባለቤታቸው ጋር ያሳደጉት ወይዘሮ ቪብከ ብቻ ተነሥተው፣ «ጌርሆልት፣ ያጎረስከውን ከአፉ አውጥተህ መልሰህ ልታጎርሰው ነው? የዋጠውስ?» አሉ። እርስዎም፣ «እትዬ ቪብከ፣ ይሄ ሳይንስ ነው፤ እርስዎ ኬክዎን ይቁረጡ» ብለው አሳረፏቸውና የፓምፑን ገመድ ከሶኬቱ በገዛ እጅዎ ነቀሉ። ሶኬቱ ሥራ ፈትቶ እንዳይከፋው የቢራ ፍሪጅዎን ሰክተውበት ሶኬቱ ያለበትን ክፍል መቆለፍዎም ከርኅራኄዎ የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም።

ሁለተኛ፤ በዚያው ዕለት፣ እሑድ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ መዘውሩ ትንሽ አቃሰተና ቀጥ አለ። አየር የሚያስገባላቸው የውሃ መውረድ ሲቆም ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምኑ ጀመር። ወይዘሮ ቪብከ ጄኔሬተር ሊያስነሡ ሲሮጡ፣ ክቡርነትዎ ከታዛዎ ሥር አንድ ዓይንዎን ገልጠው፣ «የቀትር ጸጥታ ነው! ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ ደንብ ደንብ ነው። ዓሣ ደግሞ በቀትር አይሞትም!» አሉና መልሰው አሸለቡ። ይህን ለዓሦቹ ማን ሳይነግራቸው እንደቀረ እስካሁን እያጣራን ነው።

ሦስተኛ፤ እኛም ደንብ አክባሪዎች ነንና ጫማችንን አውልቀን፣ ማስነጠሳችንን እንኳ ውጠን፣ ከዝናብ በርሜሉ እስከ ኩሬው ተሰለፍን፤ ማጠጫዎቻችንን እየተቀባበልንም ከድንጋዩ አናት ላይ ውሃ አንቆረቆርን። ዓሦቹ ነፍስ ዘሩ። ወይዘሮ ቪብከ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ እሱም ቢሆን በደንቡ መሠረት ነው። መዘውሩም ዞረ! በዚሁ ቅጽበት የነቁት ክቡርነትዎ፣ በላብ የተጠመቅነውን ሁሉ አልፈው መዘውሩን ብቻ አዩና፣ «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብለው በጸጥታው ሰዓት አጨበጨቡ። ለድልዎ የሚጠጡትን ቢራ ሊያወጡም ክፍሉን ከፈቱ፤ ከደስታ ብዛት ሳይቆልፉት ሄዱ። እስከ ዛሬ ከሠሩልን ሥራ ሁሉ የጠቀመን ይህ መርሳትዎ ነው።

ሊቅነትዎ ከእኛ አልፎ ለሌሎች ማኅበራትም እንዲተርፍ፣ ቢቻል ወደዚያው ጠቅልሎ እንዲዛወር የምትመኝ፣ ክንዷ የዛለ አክባሪዎ፣

ሄድቪግ ቶምዘን

ማሳሰቢያ፤ ዛሬ ቢራዎ ለብ ቢልብዎ አይደንግጡ። ፓምፑ ወደ ሶኬቱ ተመልሷል፤ ፍሪጅዎን ግን ከመዘውሩ ጋር አገናኝተነዋል። ዓለም እስኪያልፍ ያቀዘቅዝልዎታል። ቅሬታ ካለዎት በደስታ እንቀበላለን፤ ብቻ እባክዎ፣ በቀትር ጸጥታ አይሁን።