አገር ያልተሰጠበት እንቆቅልሽ፦ የመምህር ወርቅአፈራሁ ውዱ የሕይወት ታሪክ

መምህር ወርቅአፈራሁ ውዱ ከአባታቸው ከአቶ ውዱ አበጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ይማም በ1958 ዓ.ም. ኮምቦልቻ አጠገብ ባለችው ደጋን ተወለዱ። አባታቸው በመንገድ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር ልጅነታቸው ያለፈው አስፋልት ዳር ነው። የሚያልፈው መኪና መቼ ደሴ እንደሚደርስ እያሰሉ ጎረቤቱን ያሰለቹ ነበር። እናታቸውም ይህ ልጅ ወይ ይመራመራል ወይ ያብዳል ይሉ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ትምህርታቸውን በደጋንና በኮምቦልቻ ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. የሒሳብ መምህር ሆኑ፤ ኋላም በክረምት ትምህርት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1986 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘውድነሽ ተገኝን አግብተው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ ነፃነትንና ፈንታሁንን ወለዱ። ኑሯቸው ደሴ፣ ሥራቸው ኮምቦልቻ ነበርና ዕድሜያቸውን በሚኒባስ ሲወርዱና ሲወጡ ኖሩ።

ከእሳቸው የተማረ ሁሉ የሚያስታውሳቸው በእንቆቅልሻቸው ነው። ክፍል ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «እንቆቅልሽ» ይላሉ፤ ተማሪውም አክብሮ «ምን አውቅልዎ» ይላል። ሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ በዚያው መንገድ በሠላሳ ቢመለስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ክፍሉ በአንድ ድምፅ አርባ አምስት ይላል። ተሳስቷል። አቀበቱ የቁልቁለቱን እጥፍ ሰዓት ስለሚፈጅ መልሱ አርባ ነው። ያልመለሰ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል፤ እሳቸውም አገሩን ተቀብለው መልሱን ይነግራሉ። እንዲህ እያሉ ባቲንም ሐይቅንም ስለወረሱ፣ ያለ ግብር የሚገዙ ባላባት እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ እንደ ብዙው ሰው ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ሲመለሱ የትምህርት ቤቱ መስኮት ረግፎ፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኖ ነበር። የተረፉትን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች መሬት ላይ አስቀምጠው እንቆቅልሽ ጠየቁ። መልስ ጠፋ። አገር ስጡኝ ሲሉ ፊርደውስ በሽር የተባለች ተማሪ ተነሣች።

«ወላሂ ቲቸር፣ በጨዋታም ቢሆን ከእንግዲህ አገር አልሰጥም» አለቻቸው።

መምህሩም አገር ካልተሰጠ መልስ እንደማይነገር፣ ወጉም ይኸው እንደሆነ አስረዷቸው። ልጆቹ ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእነዚያ ልጆች የአንድም እንቆቅልሽ መልስ አልነገሯቸውም። ራሳቸው እስኪፈቱት እየተጨቃጨቁ ከትምህርት ቤት እስከ መናኸሪያ ይሄዳሉ፤ ካልፈቱት ያድራል።

በ2016 ዓ.ም. ከትምህርት ቤታቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ያለፈ አንድም ተማሪ ጠፋ። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች እነ ፊርደውስ ነበሩና፣ መልስ ነፍጌ ልጆቹን ጨረስኳቸው የሚል ፀፀት እንቅልፍ ነሣቸው። ልባቸው መድከሙ ተነግሯቸው አዲስ አበባ ሄደው እንዲታከሙ ቢታዘዙም፣ ልጆቹ ሳይፈተኑ ንቅንቅ አልልም አሉ። ለመንናቸው፣ ተቆጣናቸው፣ ሽማግሌም ላክንባቸው፤ ወይ ፍንክች። ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ግድግዳ ተደግፈው ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ጭንቁ ሲበረታባቸው፣ ወጉ ይቅርና የአራቱን ዓመት መልስ ሁሉ ልንገራችሁ ብለው ልጆቹን ለመኑ። እምቢ አሏቸው። በዚያ እምቢታ ይኩሩ ወይስ ይዘኑ፣ እሳቸውም አልገባቸው፤ ቤት ገብተው አለቀሱ።

ልጆቹ ሐምሌ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። መምህሩ በዚያው ሳምንት ወደቁ። ሕክምና ጊዜው አልፎበት ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በየሰዓቱ የሚጠይቁት ውጤት ወጣ ወይ እያሉ ነበርና፣ ወንድማቸው አቶ ሞላ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ «ውጤቱ ወጥቷል፣ ሁሉም አልፈዋል» ብለው ነገሯቸው። መምህር ወርቅአፈራሁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሞላ፣ ሁሉም የሚባል ቁጥር አላስተማርኩም። ስንት እንደሆኑ ጠይቀህ ና» አሏቸው።

አቶ ሞላ ወጡ። ውጤቱ ገና አልወጣም ነበርና የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጡ ቆይተው ሲመለሱ አልደረሱባቸውም። መምህር ወርቅአፈራሁ ውዱ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ሌላ፣ እዚህ የቆሙትን ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል። ውጤቱ ዛሬም አልወጣም። የሚያልፍ ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ሲወጣም ሄዶ የሚነግራቸው ከመካከላችን የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሳያውቁት የሄዱትንም እሱ ይንገራቸው።