ማህተም የሌለው ንድፍ

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ዛሬም አቃቂ፣ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። የማቅለሚያ ማሽኖቹን በስክሪን የሚያስነሳና የሚያቆም ሲስተም እየሠራንላቸው ነው። እኔ ስክሪኑን ከሠራተኞቹ ጋር በእርሳስ እነድፋለሁ፣ ከዚያ እሠራዋለሁ። መስፍን ሲስተሙ ምን እንደሚያደርግ በአንቀጽ በአንቀጽ ይጽፋል። አንድ ቢሮ፣ ጀርባ ለጀርባ።

ወ/ሮ መዲና ወረቀቱን ነጠቁኝ። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብተው የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ይቺ የማቆሚያ ቁልፍሽ የትንኝ ዓይን ታክላለች!» አሉና ትልቅ ክብ ሣሉ። «ሰው አለ» ብለው ጻፉበት። ይኼ ከተነካ ማንም፣ የትም ሆኖ፣ ማሽኑን እንዳያስነሳ አሉ። ከነደፍኩት ሁሉ ይበልጣል፤ ምን ላድርግ፣ ቀናሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የመስፍንን ሰነድ ዛሬ ገና አነበብኩት። አንቀጽ 14፦ ተቆጣጣሪው ከቢሮው ሆኖ በማንኛውም ጊዜ ማስነሳት ይችላል። ሰው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ቢኖርም። ክቡ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ቀይ፣ ያምራል። ሲነኩት ይበራል፤ በቃ። ምንም አያግድም።

ጥፋቱ የኔም ነው። የንድፉን ፎቶ በቴሌግራም ላኩለት፣ «አሪፍ!» አለኝ፣ ተግባባን ብዬ ተውኩት። ይቺ ክብ የትኛው አንቀጽ ናት ብሎ የጠየቀ የለም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

ለፋብሪካው ሥ/አስኪያጅ ነገርኳቸው። ሰነዱን ገልጠው ማህተሙን አሳዩኝ። ይኼ ጸድቋል፣ ያንቺ ግን ሥዕል ብቻ ነው አሉኝ። አንቀጽ ለማሻሻል ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ሰብሳቢው ደግሞ ሥልጠና ሄደዋል። የሲስተሙ ርክክብ ቅዳሜ ነው! መስፍን አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። (ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ እንጀራውን ይፈራል።)

እስከ ሳሪስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው አጽናኑኝ። ገና አልሞተም ማለት ከበደኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት

ወ/ሮ መዲና አብረዋቸው የሚያጸዱትን ሴቶች ሰብስበው «የኔን ቁልፍ እዩልኝ!» ይላሉ። ነጥዬ እውነቱን ነገርኳቸው።  «ታዲያ ለምን አስሣልሽኝ?» አሉኝ። 

ዛሬውኑ፣ 11 ሰዓት

የርክክቡ ወረቀት ደረሰኝ። «ስክሪኑ በጸደቀው መግለጫ መሠረት ተሠርቷል» ይላል፣ ከሥሩ ስሜ። እውነት ነው፣ እንደ መስፍን ሰነድ ነው የሠራሁት። ግን አልፈርምም። ያባርሩኝ።

ክቡንም አሁን ከስክሪኑ አጠፋሁት። ሴቶቹ አምነውት ከሚገቡ እንደ ድሮው ፈርተው ይግቡ።