በአክስቴ ዱዓ ያልተጠራ ስም

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

አባዬ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ አላውቅም። ማንንም አልጠየቅሁም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ አንዳንድ ቀን እኔም እንደ አክስቴ ዘይነባ «ራሱን ገደለ ማለት ይሆን?» ብዬ ማሰቤ ነው። አትቀየመኝ።

ከሄድክ ዘጠኝ ወር ሆነ። ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ለኩላሊትህ ተብሎ ተከልክሎ የነበረው ሙዝ ተመልሷል። እማዬ ትገዛዋለች፣ ግን የሚበላው የለም፣ ሳህኑ ላይ ይጠቁራል። ጃኬትህን ለአጎቴ ሰጠነው፤ እጅጌው አጠረው፣ ቢሆንም ይለብሰዋል። ለኩላሊት እጥበት በምትሄድባቸው ቀናት በማለዳ ስትነሳ እሰማህ ነበር። አሁንም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ።

እህትህ ዘይነባ አሁንም ጁምዓ ጁምዓ ዩልስታ ሰፈር ባለው ቤቷ ሴቶችን ሰብስባ ዱዓ ታደርጋለች። መጨረሻ ላይ ለሞቱት በስም በስም ትለምናለች፤ ለአባታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ደሴ ለነበረችው ጎረቤታችሁ ሳይቀር። መጀመሪያ አንተንም ትጠራህ ነበር። እጥበቱን ያቆምከው በራስህ ፈቃድ መሆኑን ከሰማች ወዲህ ግን አንተ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ውጣ ታልፍሃለች። እማዬ ለምን ብትላት፣ «ነፍስ የአላህ አማና፣ አደራው ናት። ባለቤቱ ሳይጠይቀው ለምን መለሰ?» አለቻት። ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር።

እማዬ ኢማሙን ጠየቀች። የማይጠቅም ሕክምና መተው ራስን መግደል አይደለም አሏት። ራሱን ላጠፋ ሰው እንኳ ዱዓ አይከለከልም፣ እንዲያውም ለእሱ ይበልጥ ያስፈልጋል አሏት። አክስቴ ይህ ሲነገራት «ተይ እባክሽ፣ ኢማሙ እኮ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው» ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በሃይማኖት ክፍለ ጊዜ መምህሯ ሕይወታችሁ የማን ናት ብላ ጠየቀችን። ሁሉም «የራሴ» አሉ፤ ጥያቄው ራሱ አሳቃቸው። እኔ እጄን አላወጣሁም። ሕይወትህ የራስህ ብቻ ብትሆን ኖሮ ስትሄድ እኛ ምን ይጎድለን ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ግን በስዊድንኛ እንዴት እንደሚባል ሳስብ ደወል ተደወለ።

ሁዲንጌ ሆስፒታል ተኝተህ የነበረበትን ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ልብህ ደክሞ፣ ከእጥበቱ ማሽን ስትላቀቅ መቆም አቅቶህ ነበር። ዶክተሯ፣ እጥበቱ ከሚጠቅምህ ይልቅ የሚጎዳህ እየበለጠ ነው፣ ብንቀጥልም ብንተወውም ውሳኔው ያንተ ነው አለች። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ሁለቴ አስደገምከው። ከዚያ ይብቃ አልክ። እማዬ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ዶክተሯ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረህ «ነፍሴ የአላህ ናት፣ ማሽኑ ግን የሆስፒታሉ ነው። እኔ የምመልሰው ማሽኑን ነው» አልከኝ። ቀጥለህም ትምህርት እንዳይረፍድብኝ ነገርከኝ።

ያልከውን ለማንም አልተናገርኩም። የቀለድክ ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ትክክል መሆንህንም እስካሁን በእርግጥ አላውቅም፤ እኔ ሼህ አይደለሁም። የማውቀው ያየሁትን ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅህን ማንሳት ሲያቅትህ፣ ተኝተህ በዓይንህ ትሰግድ ነበር። ከአላህ የሚሸሽ ሰው እንደዚያ የሚያደርግ አይመስለኝም።

ነገ ጁምዓ ነው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ዩልስታ እሄዳለሁ። እዚያ ስሄድ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፣ ሴቶቹ ሲያናግሩኝም በስዊድንኛ እመልሳለሁ። ነገ አክስቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ያልከኝን እነግራታለሁ። ሰምታም ስምህን ከዘለለችው፣ ስሞቹን ጨርሳ በመዳፏ ፊቷን አብሳ ዱዓውን ከመዝጋቷ በፊት፣ «ለአባቴ ለሰዒድም» እላለሁ፤ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰሙኝ። እሷ ልትቆጣ ትችላለች። ራሷ ስምህን እስክትጠራው ድረስ ግን ጁምዓ በመጣ ቁጥር እኔ እጠራዋለሁ።

ልጅህ