«ቁጭ በይ» ያሉት ማንን ነው?

ውድ ጋሼ መርዳሳ፣

«ውድ» ያልኩት ያሳደጉኝ አጎቴ ስለሆኑ ነው እንጂ ዛሬስ እጄ እንቢ እያለኝ ነው የጻፍኩት። ስደውል ሳልጨርስ ስለሚዘጉብኝ ይህን ከአዳማ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ።

አርሲ ነገሌ የመጣሁት እርስዎ ጠርተውኝ ነው። «ተኩላ የሰፈሩን በግ ጨረሰው፣ ያቺን የምታሸት ውሻሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ምሳ እየበላን የሊዲን ሥራ አስረዳሁዎት፤ የተኩላ ሽታ ካገኘች ቁጭ ትላለች፣ ካላገኘች ዝም ብላ ታልፋለች። «ምን እያልሽ አስተማርሻት?» አሉኝ። «‹ቁጭ በይ› እያልኩ ነዋ! የአዳማ ልጅ ናት፣ ኦሮምኛ ገና አልገባትም» ስልዎት አብረን ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ አቶ ገርባ በረት ተሰበሰበ። ሊዲ የተገደሉትን በጎች አሽትታ አለፈች። በረቱን ዞረች፣ አሁንም አለፈች። አቶ ገርባ «ተኩላ ካልሆነማ የሰፈር ውሻ ነው» ብለው ዓይናቸውን ወደ እርስዎ ውሻ ወደ ቡሌ ሲያዞሩ፣ እርስዎ ለስለስ አድርገው «ቁጭ በይ» አሉ። ሊዲ ቁጭ አለች። ሰዉም «ይኸው፣ ተኩላ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አሁን «ላንቺ ነው ያልኩት፣ ደክሞሽ ነበር» ይሉኛል። ጋሼ፣ እኔን እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ በኦሮምኛ «ታኢ» ነው የሚሉኝ! አንድም ቀን በአማርኛ ተቀመጪ ብለውኝ አያውቁም።

እኔም ያን ቀን በሽማግሌዎች ፊት አጎቴን ላለማሳፈር ብዬ አፌን ያዝኩ። በማግስቱ የተመረዘ ሥጋ ተበተነ፣ ሦስት ተኩላዎች ሞተው ተገኙ። አንዷ የምታጠባ ነበረች። በራሴም ተናድጃለሁ።

ትናንት ልጅዎ ጋዲሴ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህም የአቶ ገርባ ሁለት በጎች ተበልተዋል። ቡሌ ንጋት ላይ አፉ ደም በደም ሆኖ ሲገባ አይታዋለች፤ እርስዎ አፉን አጥበው ጓሮ ደበቁትና «ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። ይባስ ብለው ለእሑድ ሌላ የተመረዘ ሥጋ እንዲበተን ተስማምተዋል። የቀሩት ተኩላዎች ምን አደረጉዎት? ማታ ማታ ቡሌን ማሰር ይህን ያህል ያሳፍራል?

ቅዳሜ ከሊዲ ጋር እመጣለሁ። ያንኑ ሰው እዚያው በረት ሰብስቤ እውነቱን እናገራለሁ። ቀድመውኝ እርስዎ ከተናገሩ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ አንድ ክፉ ቃል አይወጣኝም። እንቢ ካሉ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ቁጭ በይ አይበሉኝ። ቆሜ ነው የምናገረው።

ያሳደጓት ልጅዎ፣
ዱሬቲ