አንድ ብቻ ቀረ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይጣልልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽን ያ ሳል ለቆታል። እኔን ግን ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ያቺ ስፖርት የምታሠራን አሠልጣኝ ተባረረች! የጂሙ ባለቤት «ወፍረሻል፣ ለማስታወቂያ አትሆኚም» አላት። ይሄን የሚለው እሱ ነው፣ ቦርጩ ቀድሞት የሚገባው ሰውዬ! በእሷ ቦታ እያየን እንድንሠራ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቀለልን።

የተሰናበተችን ዕለት ምንጣፉ ላይ ተዘርሬ «አልነሳም!» አልኩ። ሰውዬው ቢለምነኝ ቢቆጣኝ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እሷ እንባዋን እየጠረገች መጣችና «እማማ፣ አንድ ብቻ ቀረ፣ ይነሱ» አለችኝ። ሁሌም እንደዚያ ነበር የምትለን፤ «አንድ ብቻ ቀረ» ትልና ሌላ አሥር ታሠራናለች። ሳቄ መጣና ተነሳሁ። ይሄ የታመመ ጉልበቴ የዳነው በእሷ ውሸት ነው። ያ ቴሌቪዥን እንዲህ መዋሸት ይችላል?

አንቺም ከሰው አገር በየዓመቱ «ለመምጣት አንድ ዓመት ብቻ ቀረኝ» ትይኛለሽ። ያንቺው ውሸት ደግሞ የቱን ሊያድንልኝ ነው?

ተቆጣሁ እንጂ አልረገምኩሽም፤ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ክፉ አይይሽ። ብቻ እባክሽ እናቴ፣ ቆጠራው ይቅርብኝና ዝም ብለሽ ነይልኝ።

እናትሽ