ሳይሾም ያዘዘን ሰው

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እማማስ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር? ልጆቹስ እርስ በርስ መካሰሱን ተዉት? እኔ እጄ ከሳሙና ብዛት ከመሻከሩ በቀር ደኅና ነኝ። ድምፄ የጠፋብሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ልጽፍልሽ ስፈራ የከረምኩት ነገር ስላለ ነው። እማማ አንብቢልኝ ካለችሽ ሰላምታውን ብቻ አሰሚያትና እጠፊው።

የምሠራው የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ምድር ቤት ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከእኛ ጋር እኩል የተቀጠረ አንድ ሰው አለ፤ በሐሜታችን «አዛዡ» እንለዋለን። ዋናው ኃላፊ ፎቅ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። አዛዡ መጀመሪያ የሳሙና መጋዘኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ቀጥሎ ውሃ ልንጠጣ ስንወጣ አስፈቅዱኝ ይለን ጀመር። ለምን ያለውን ሁሉ ከላይ ታዝዤ ነው ይለዋል። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ እኛ ግን እያወቅነው አነጠፍንለት።

አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ነፍሰ ጡር ጓደኛ አለችኝ፤ ሆዷ ገፍቷል። ባለፈው ሰኞ እግሯ አብጦ አረፍ ብትል፣ አዛዡ መጥቶ ተቀምጦ መብላት የለም ብሎ ወደ እንፋሎት መተኮሻው ወሰዳት። እትዬ፣ መተኮሻው እሳት ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ በየመሃሉ ወጥቶ ይተነፍሳል። እሷ ከሥራ እባረራለሁ ብላ ፈርታ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሯ ሲነጣ፣ በእጇ የምትይዘው ነገር ስትፈልግ አየኋት። ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁና ደግፌ አስቀመጥኳት። አዛዡ ከኋላዬ መጥቶ ማን አጥፊው አለሽ አለኝ።

«አንተንስ ማን ሾመህ?» አልኩት።

ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ፊቱ ተለዋወጠ። ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝ።

የዚያን ዕለት እህል አልቀመስኩም። እውነት ከላይ ታዝዞ ቢሆንስ እያልኩ ስብሰለሰል ነጋ። ጠዋት ስሄድ በሩ ላይ ጠብቆ መንገድ ዘጋብኝ። በጎኑ አልፌ ወደ ኃላፊው ደረጃውን ተያያዝኩት። መሃል ስደርስ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል ነፍሰ ጡሯ መደገፊያውን ይዛ ትከተለኛለች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎቹ አሉ።

ኃላፊው ሰምቶን ሲያበቃ ማንንም እንዳልሾመ ነገረን። «ዝም ስትሉት ወዳችሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ይቺ ቃል ከአዛዡ ቁጣ ይልቅ አቃጠለችኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው! እኛን በነፃ የሚጠብቅለት ካገኘ ምን ይከፋዋል? ቢሆንም ወርዶ ቁልፉን ተቀበለው፤ ጓደኛዬም ወደ ማጠፊያው ተመለሰች።

አዛዡ አሁንም አጠገቤ ይሠራል። አያናግረኝም፤ ጀርባዬን ሲያየኝ ግን ይታወቀኛል። ከእሱ ይልቅ ያስፈራኝ ሌላ ነው። ትናንት አንዷ መጥታ ዛሬ መተኮሻው ላይ ማን ይቁም ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔን። ልቤ ደስ አለው፣ እትዬ። ደስ ማለቱ አስደነገጠኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ሁላችንም ተነጋግረን ተራ እናውጣ አልኳት።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ወገቡን እንዲጠነቀቅ ንገሪው። ትልቋን ልጅሽን እቀፊልኝ፤ መንትዮቹን እኩል ሳሚልኝ፣ አለዚያ ይጣሉብሻል።

ታናሽሽ
ከማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን