አራት ደቂቃ ስለቀደመው ኮሪደር

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላው ግን አይመቸውም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ የጠራዧ የእታለም የስንብት ደብዳቤ የተለጠፈውም እዚሁ ስለሆነ ነው።

1ኛ. ሦስቱን ካሜራዎች በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ፕሮግራም እንድሠራ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። እኔ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን የተረዳሁት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሦስቱንም ማስነሳት ነው ብዬ ነው። የኮሪደሩ ካሜራ ግን አሮጌ በመሆኑ መቅረጽ የሚጀምረው አራት ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ ፕሮግራሜ ደግሞ የእያንዳንዱን ካሜራ ሰዓት የሚቆጥረው ከራሱ የመጀመሪያ ምስል ተነስቶ ነው። ስለዚህ ምስሎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ኮሪደሩ ላይ የምናየው ከአራት ደቂቃ በኋላ የሆነውን ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ ነው፤ ለማንም አላካፍልም።

2ኛ. ወረቀት መቁረጫው ተጨናንቆ አንድ ሙሉ ጥራዝ ባበላሸ ማግስት፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ምስሉን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማየቱ የሚደነቅ ነው። በአንዱ መስኮት ቢላው ወረቀቱን ሲቦጫጭቅ፣ በሌላው እታለም ኮሪደር ላይ ከመካኒኩ ጋር ስትነጋገር ታየች። «ማሽኑን ትታ ወሬ ይዛለች» ተባለ። በዚያችው ቅጽበት ከቢላው ጎን አንድ እጅ ገብቶ ማሽኑን ሲያጠፋም ይታያል። በክፍሉ ብቻዋን የምትሠራ ሴት እጇን ማሽኑ ላይ ትታ ለወሬ እንደማትወጣ ለመገመት የኮሚቴ አባል መሆን አያስፈልግም ነበር።

3ኛ. ያንን እጅ እኔ አይቼዋለሁ። እርስዎ «ሶፍትዌር አይዋሽም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ፣ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ለዚያች ሙገሳም በአክብሮት አመሰግናለሁ፤ እስካሁን ትከሻዬን ያመኛል። እታለም ስትወጣ በሩ ላይ ፊቴን አይታ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን አደረግህ» አለችኝ። ምን እንዳደረግሁ አልነገርኳትም።

አሁን ሰዓቱን አስተካክያለሁ። በታረመው ምስል ላይ መጀመሪያ ማሽኑን ስታጠፋ፣ ከዚያ ወጥታ መካኒኩን ስትጠራ ትታያለች። የይግባኝ ጊዜዋ የሚያበቃው ዓርብ ነው። ኮሚቴው ከዚያ በፊት እንዲሰበሰብና በፊቷ እንድመሰክር እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ፤ ከእርሷ ቀድሞ መሰናበት የሚገባው ካለ ስሜን ያውቁታል።

የትልቅነትዎ አድናቂ፣ በዝምታውም ባልደረባዎ የሆንኩ፣
የማተሚያ ቤቱ ፕሮግራም ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ በስንብት ደብዳቤው ላይ የእታለም ስም ከነአባቷ ተሳስቶ ተጽፏል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራዎት ስለሠራች ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል እረዳለሁ። በዚያ ስም የሚጠራ ሠራተኛ በመዝገባችን ስለሌለ፣ ሰኞ ጠዋት እንደወትሮዋ ሥራ ብትገባ እንዳይገረሙ፤ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ።